ሠንጠረዡ ላይ ያለው ቁጥር መቁረጫ ነጥብ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

እንደምን ሰነበታችሁ? እኔ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን የምኖር የሒሳብ መምህር ነኝ። ጋዜጣችሁን ከለገሃር አካባቢ ነው የምገዛው። እዚህ እስኪደርስ አንዳንዴ ቀን ያልፈዋል፣ ቢሆንም አንብቤ ለጎረቤት አቀብላለሁ። ዛሬ የምጽፈው ላመሰግናችሁ አይደለም፣ ልጣላችሁም አይደለም። ባለፈው ወር ያወጣችሁት አንድ ሠንጠረዥ ሰፈራችን ውስጥ አንዲት ልጅ ጦሟን አሳድሯታል፣ እሱን ዝም ብዬ ማለፍ አቃተኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የልጅቷ እናት ከፊራ ገበያ የባቢሌ ለውዝ ይሸጣሉ። አንድ ማለዳ ወደ ትምህርት ቤት ስወጣ በር ላይ ጠበቁኝ። «ቲቸር፣ ይቺ ልጅ ከትላንት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ጋዜጣ ይዛ ነው የምታለቅሰው። አቦ ምን ብለው ነው የጻፉት?» አሉኝ። ማታ ላኩልኝ አልኳቸው።

መጣች። ገጹን በአራት አጥፋ በደብተሯ መሀል ይዛዋለች። በረንዳዬ ላይ ካለችው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። ርዕሱ «ወደ ታላላቅ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ለመግባት የሚያስፈልግ የኤስኤቲ ነጥብ» ይላል። ኤስኤቲ ማለት ወደ አሜሪካ ኮሌጅ የሚያመለክቱ ልጆች የሚወስዱት ፈተና ነው፤ ንባብና ጽሑፍ ከ800፣ ሒሳብ ከ800፣ ድምሩ ከ1600። ከታች የኮሌጆች ስም፣ ከጎናቸው ሁለት ሁለት ቁጥር። እሷ ልታመለክት ካሰበችበት ኮሌጅ ፊት 1480 – 1560 ይላል። በቀይ እስክሪፕቶ ሁለቴ አስምራበታለች። ዳር ላይ በጥቃቅን ፊደል «1430። 50 ጎደለኝ።» ብላ ጽፋለች።

«በቃ ቲቸር፣ በ50 ነጥብ ወደቅኩ» አለችኝ።

ገና ሳታመለክት!

አልፈርድባትም። እዚህ አገር ተምሮ ያደገ ሰው ነጥብ ሲያይ ቀድሞ ትዝ የሚለው መቁረጫ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኒቨርሲቲ ግቢ መሰጠት ሲጀምር፣ 50 በመቶ ያላመጣ በቀጥታ ዩኒቨርሲቲ አይገባም ተባለ። በዚያ ዓመት ያንን መስመር ያለፉት ከተፈተኑት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4። ከ600 ውስጥ 300 ያመጣ ገባ። 299 ያመጣ ሪሚዲያል ይጠብቃል። የአንድ ጥያቄ ጉዳይ ነው። ስንት ልጅ በአንድ ጥያቄ ሲቀር አይቻለሁ። እንዲህ ባለ ቤት ያደገች ልጅ «የሚያስፈልግ ነጥብ» የሚል ርዕስ ስር 1480ን ስታይ፣ 1479 ያመጣ ውጪ ቀረ ብላ ብታነብ ምን ይገርማል? ጥፋቱ የርዕሱ ነው። «የሚያስፈልግ» የምትለዋ ቃል ናት ያበላሸችው።

እነዚያ ሁለት ቁጥሮች የበር ቁመት አይደሉም። የገቡት ሰዎች ፎቶ ናቸው። ከዚህ በፊት ገብተው የተመዘገቡ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎችን ነጥብ ከትንሽ ወደ ትልቅ ይደረድሩታል። ከታች ያለውን ሩብ ይተዉታል። ከላይ ያለውንም ሩብ ይተዉታል። መሀል የቀረው ግማሽ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ይጽፋሉ። ታችኛው 25ኛው ፐርሰንታይል ይባላል፣ ላይኛው 75ኛው። በቃ፣ ይኸው ነው። እንግዲህ 1480 ማለት «ከዚህ በታች አንቀበልም» ማለት ሳይሆን፣ ተቀብለናቸው አሁን ክፍል ውስጥ ከተቀመጡት መካከል ነጥባቸው ከተቆጠረላቸው ከአራቱ አንዱ 1480 ወይም ከዚያ በታች ነው ያመጣው ማለት ነው። መቁረጫ ቢሆን ኖሮ እነዚያ ልጆች እዚያ ምን ይሠራሉ?

በቃል ስነግራት ፊቷ አልተፈታም። ስለዚህ ወረቀት ቀደድን። ማታ ማታ ከማስጠናቸው ልጆች የ12ቱን የመጨረሻ ፈተና ውጤት፣ ስም ሳንጽፍ፣ በ12 ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፍን። ጠረጴዛው ላይ ደረደርናቸው። 41፣ 48፣ 52፣ 55፣ 58፣ 60፣ 63፣ 66፣ 71፣ 74፣ 80፣ 91። ንፋስ እንዳይወስዳቸው በላያቸው ለውዝ አስቀመጥን፣ አንድ አንድ ፍሬ። እናቷ ልከውልኝ የነበረው ነው። ከታች ሦስቱን ገፋናቸው። ከላይም ሦስቱን። መሀል የቀሩት ስድስቱ ከ55 እስከ 71 ናቸው። «እንግዲህ የኔ ክፍል መሀለኛ ክልል 55 – 71 ነው» አልኳት። «52 ያመጣው ልጅ ክፍሌ ውስጥ የለም?»

«አለ» አለች።

«91 ያመጣውስ?»

«አለ።» ትንሽ ሳቅ አለች። ለውዙንም አንድ በላች። እኔ በዚያች ለውዝ ደስ አለኝ።

ግን አሁን ደግሞ በሌላ በኩል እንዳልዋሻችሁ፣ እሷንም እንዳልዋሸኋት ልንገራችሁ። «ሩቡ ከታች ነው፣ እንግዲህ አይዞሽ» ብሎ መሸኘት ቀላል ነበር። እውነቱ ግን ትንሽ ይመራል። ያ ታችኛው ሩብ ባዶ ወንበር አይደለም። ኮሌጆቹ መረጃቸውን የሚሞሉበት ኮመን ዴታ ሴት የሚባል ቅጽ አለ፣ የነጥቡ ክፍል ሲ9 ይባላል። ቅጹ የተመዘገበውን ሁሉ ቁጠሩ ነው የሚለው። የውጭ አገር ተማሪውንም፣ በልዩ ሁኔታ የገባውንም። ስለዚህ ታችኛው ሩብ ውስጥ ለስፖርት የተፈለገ ልጅ አለ፤ እንደ ኮሌጁ ደግሞ አባቱ ወይም አያቱ እዚያው የተማረ ልጅ አለ፤ ከሩቅ ገጠር መጥቶ ከአካባቢው ሁሉ በልጦ የተገኘ ልጅም አለ። ከድሬዳዋ ሙሉ ወጪ ሸፍኑልኝ ብላ የምታመለክት ልጅ ከእነዚህ ወንበሮች ስንቱ ለእሷ ክፍት እንደሆነ ከሁለት ቁጥር ማወቅ አትችልም። አጥር የለም ማለት በሩ ሰፊ ነው ማለት አይደለም። ሁለቱንም ነገርኳት።

ወደ ላይ ሲኬድም እንደዚያው ነው። ሰፈራችን ያለ ሌላ ልጅ 1560 አምጥቶ «ላይኛውን ነክቻለሁ፣ ገባሁ» እያለ ነው። ወዳጄ፣ ሃርቫርድ በቅርብ ዓመታት ከመቶ አመልካች የተቀበለው አራት ገደማ ነው። የቀሩት 96ቱ ሁሉ ሰነፍ ናቸው እንዴ? በኤምአይቲ የሒሳቡ 75ኛ ፐርሰንታይል 800 ላይ ነው፣ ጣሪያው ላይ ማለት ነው። ከገቡት ቢያንስ ከአራቱ አንዱ ድፍን 800 አለው ማለት ነው። ካልገቡትማ ስንቱ 800 ይዞ ተመልሷል።

ይህን ለማስረዳት የሠርግ ምሳሌ ነው የምጠቀመው። አንድ ትልቅ ሠርግ አለ እንበል። አዳራሹ በር ላይ ቆማችሁ የገባውን ወንድ ሁሉ «ሱፍህን በስንት ገዛኸው?» ብላችሁ ጠየቃችሁ፣ መሀለኛው ግማሽ ከ9 ሺህ እስከ 15 ሺህ ብር ሆነ። አሁን እናንተ ጋዜጣ ላይ «ወደ ሠርጉ ለመግባት የሚያስፈልግ ሱፍ፦ 9 – 15 ሺህ ብር» ብላችሁ ብታወጡ ሰው ይስቅባችኋል። 20 ሺህ የፈጀ ሱፍ ለብሶ ያለ ጥሪ የመጣ በር ላይ ይመለሳል። የሙሽራው አጎት ደግሞ በሸሚዝ ይገባል። ሱፉ ምንም አይደለም አላልኩም፣ ቡትቶ ለብሶ መሄድም አይሆንም። ግን ጥሪው ሌላ ነገር ነው።

እሺ፣ አሁን ወደ ባሰው ልምጣ። እናንተ ሠንጠረዡን ስታወጡ የየትኛው ዓመት እንደሆነ አልጻፋችሁም። ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። በኮሮና ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2020፣ አብዛኞቹ ኮሌጆች ነጥብ ማቅረብን በፈቃድ አደረጉት። የፈለገ ይልካል፣ ያልፈለገ ይተዋል። ታዲያ ማን ይልካል? ጥሩ ያመጣ ነዋ! ዝቅ ያለበት ይደብቃል። ሠንጠረዡ ውስጥ የሚቆጠረው ደግሞ የላከው ብቻ ነው።

ይህንንም በወረቀቶቹ አሳየኋት። «በይ አሁን 12ቱም ተማሪዎቼ ናቸው፣ ግን ውጤቱን መናገር የፈለገ ብቻ ይናገር» አልኳት። ከታች ያሉት አራቱ ዝም አሉ እንበል። 41፣ 48፣ 52፣ 55 ተገለበጡ። የቀሩት ስምንት ናቸው። ከታች ሁለት፣ ከላይ ሁለት ስንተው መሀሉ ከ63 እስከ 74 ሆነ። ቅድም ከ55 እስከ 71 ነበር። ክፍሉ ያው ክፍል ነው። ማንም አንድ ገጽ አላነበበም፣ ማንም አልጎበዘም። ታችኛው ቁጥር ግን በ8 ነጥብ ዘለለ። ልጅቷ ዓይኗ ፈጠጠ። «ታዲያ ይሄ ማጭበርበር አይደል?» አለች። ማጭበርበር እንኳን አይደለም፣ ስንት በመቶው እንደላከ እዚያው ሲ9 ላይ ይጽፋሉ። የምትገለብጠው ጋዜጣ ናት የምትተወው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ እየተመለሰ ነው። ኤምአይቲ ፈተናውን ግዴታ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። በ2024 ዳርትማውዝ፣ ዬል፣ ብራውን፣ ሃርቫርድና ካልቴክ እንመልሳለን አሉ፣ ዬል ከኤስኤቲ ሌላ አማራጭ ፈተናዎችንም ይቀበላል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲዎች ማለትም እነ በርክሌይና ዩሲኤልኤ ደግሞ ብትልክላቸውም ለመቀበል አያዩልህም። ሦስት ዓይነት ሕግ ነው። በእናንተ ሠንጠረዥ ሁሉም በአንድ ዓምድ ተሰልፈዋል። በፈቃድ ዘመን የተሰበሰበን ቁጥር ከግዴታ ዘመኑ ቁጥር ጎን ማስቀመጥ ማለት የሐምሌን የድሬዳዋ ሙቀት ከጥር የሐረር ብርድ ጋር አሰልፎ «የምሥራቅ የአየር ጠባይ» እንደማለት ነው።

ሌላም አለ። እዚህ ላይ የሒሳብ አስተማሪነቴ ነው የተነሳብኝ፣ ታገሱኝ። ከአንዳንዶቹ ኮሌጆች ፊት ያለው ቁጥር የሁለቱ ክፍሎች ድምር ሆኖ ነው ያገኘሁት። ንባብና ጽሑፍ 730 – 780፣ ሒሳብ 750 – 800 ቢሆን፣ ታችና ታቹን ደምራችሁ 1480፣ ላይና ላዩን ደምራችሁ 1580 ትላላችሁ። አይሠራም። በእንግሊዝኛ ከታች ያለው ልጅና በሒሳብ ከታች ያለው ልጅ አንድ ሰው አይደሉማ! በእንግሊዝኛ 720 ያላት ልጅ በሒሳብ 790 ሊኖራት ይችላል፣ እንዲያውም የእኛ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ ናቸው። ስለዚህ የድምሩ እውነተኛ ታችኛ አብዛኛውን ጊዜ ከደመራችሁት ከፍ ይላል፣ ላይኛውም ዝቅ ይላል። ክልሉ ይጠባል። ኮሌጆቹ የድምሩን ለብቻው ይጽፋሉ፣ እሱን መውሰድ ነው። ባይኖር ሁለቱን ለየብቻ ማተም። መደመር ግን ይቅር።

ደግሞ የሠንጠረዡ ልጆች ስንቴ እንደተፈተኑ አስቡት። ብዙ ኮሌጆች ከተለያየ ቀን ፈተና የተሻለውን የሒሳብና የተሻለውን የእንግሊዝኛ ውጤት ለይተው ይገጣጥማሉ፣ ሱፐርስኮር ይሉታል። እዚያ ያለ ልጅ ሦስቴ ተፈትኖ የሦስቱን ምርጥ ያቀርባል። የኛዋስ? አንዴ። እሱም እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ፈተናውን የወሰደችው አዲስ አበባ ነው። ከድሬ ሌሊት 10 ሰዓት በአውቶቡስ ተነሳች፣ በአዋሽ አድርጋ ማታ ገባች፣ ዘመድ ቤት ፍራሽ ላይ አደረች፣ በማግስቱ ጠዋት ተፈተነች። ፈተናው ከአሜሪካ ውጭ ላለነው እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ በኮምፒውተር ሆኗል፣ ብሉቡክ በሚባል አፕ። ላፕቶፑን የተዋሰችው ከአክስቷ ልጅ ነው። ባትሪው አይቆይም። 2 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ሙሉ አንድ ዓይኗ ጥያቄው ላይ፣ አንዱ ባትሪው ላይ ነበር። የመፈተኛው ክፍያ የውጭ አገሩ ጭማሪ ተደምሮ ከ100 ዶላር በላይ ነው፣ ከለውዝ ትርፍ ማለት ነው። የነፃ ፈተና ፈቃዱም ለእኛ አይደለም። ድገሚ ማለት እንዲህ እንደ ሻይ «ይደገም» አይባልም።

ያ 50 ነጥብም ቢሆን የምናከብረውን ያህል ክብር የለውም። ፈተናውን የሚያዘጋጀው ኮሌጅ ቦርድ ራሱ፣ ያው ልጅ በሌላ ቀን ቢፈተን ድምሩ ከ30 እስከ 40 ነጥብ ወዲያ ወዲህ ሊል እንደሚችል ውጤቱ ላይ ያሳያል። 1430 ሲባል አንድ ጥፍጥሬ ነጥብ አይደለም፣ ትንሽ ስፋት ያለው ነገር ነው። ጥሩ እንቅልፍ ብትተኛ ኖሮስ?

በነገራችን ላይ አንድ ጊዜ ደግሞ ሌላ ልጅ ከአሮጌ መጽሐፍ ቤት የገዛውን የኤስኤቲ መዘጋጃ ይዞልኝ መጣ። «ቲቸር 1500 ካመጣሁ ይበቃል አይደል፣ እዚህ ጋ ጥሩ ኮሌጅ 2100 ይላል እንጂ» አለ። ግራ ገባኝ። ሳገላብጠው እ.ኤ.አ. ከ2005 እስከ 2016 መጀመሪያ ድረስ ፈተናው ከ2400 የነበረ ጊዜ የታተመ ነው። አሁን ከ1600 ነው። ምስኪን ልጅ፣ ሦስት ወር አሮጌ ፈተና አጥንቷል። ቁጥር ያለ ዓመተ ምሕረት እንዲህ ያደርጋል።

አሁን ከነጥቡም ከሁሉም በላይ ወደሚያንገበግበኝ ልሂድ። ገንዘብ። ሠንጠረዡ ስለሱ ትንፍሽ አይልም። ከአሜሪካ ኮሌጆች የውጭ አገር አመልካች «ወጪዬን ሸፍኑልኝ» ማለቱን ከመቀበያው ሚዛን ላይ የማያስገቡት ጥቂት ናቸው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤምአይቲ፣ አምኸርስት ከእነሱ ውስጥ ናቸው፣ ዳርትማውዝ እ.ኤ.አ. በ2022 ጨመረ። ሌላው አብዛኛው ኪስህን አይቶ ነው የሚወስነው። ነገሩን ክፋት አላደርገውም፣ ያላቸውን ገንዘብ መድበው ነው የሚሠሩት። ግን 1430 – 1520 የሚል «ቀላል» ኮሌጅ አግኝታ የምትደሰት ልጅ፣ ኮሌጁ ለውጭ አገር ተማሪ እርዳታ የማይሰጥ ከሆነ ነጥቧ ምን ይፈይድላታል? ያንኑ ቅጽ ወደ ታች ብትወርዱ ኤች6 የሚል ክፍል አለ። ለስንት የውጭ አገር ተማሪ እርዳታ እንደሰጡ፣ በአማካይ ስንት ዶላር እንደሆነ ይጻፍበታል። ለድሬ ልጅ ከሲ9 በፊት መነበብ ያለበት ኤች6 ነው። እንደኔ እንደኔ የመጀመሪያው ዓምድ እሱ መሆን አለበት፣ ነጥቡ አራተኛ ቢሆን ነው። ሲ7 ደግሞ የትምህርት ቤት ውጤት፣ ድርሰት፣ የመምህር ምስክርነት፣ ፈተና እያለ ለየትኛው ምን ያህል ክብደት እንደሚሰጡ ራሳቸው ምልክት ያደረጉበት ነው።

ያን ማታ ይህን ሁሉ ስናወራ አመሸን። መብራት ሄዶ በስልክ መብራት ነው የጨረስነው። ስትወጣ በሩ ጋ ቆማ «ታዲያ ቲቸር፣ በፈቃድ ከሆነ ኮሌጅ ብደብቀውስ?» አለችኝ። የመጣችበት ዋና ጥያቄ ይሄ ነበር መሰለኝ፣ እስከዚያ ያፈረችበት።

እኔም ወዲያው አልመለስኩላትም። በማግስቱ ነው የነገርኳት። ዳርትማውዝ እ.ኤ.አ. በ2024 ፈተናውን ሲመልስ ምክንያቱን አብራርቶ ነበር። የራሱ መምህራን ባጠኑት መሠረት ከደከመ ትምህርት ቤትና ከዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ የመጡ አመልካቾች በ1400ዎቹ ውስጥ ያለ ነጥብ ይዘው፣ ከኮሌጁ ክልል በታች ነው ብለው ይደብቁት ነበር። ቢልኩት ኖሮ ግን ይጠቅማቸው ነበር። ምክንያቱም ማመልከቻውን የሚያነበው የኮሌጁ ሰው ነጥቡን የሚያየው ልጁ ከመጣበት ትምህርት ቤትና አካባቢ አንጻር ነው። እነዚያ ልጆች የደበቁት ምን አይተው ነው? እንደናንተ ዓይነት ሠንጠረዥ አይተው!

እና የኔዋ ልጅ ነጥቧን ትላክ አልኩ። በቤቷ መጽሐፍ መደርደሪያ የለም። ትምህርት ቤቷ ለኤስኤቲ የሚያዘጋጅ ሰው የለውም። በተዋሰችው ላፕቶፕ፣ በአንድ ሙከራ፣ በሁለተኛ ቋንቋዋ፣ እንዲያውም ቤት ውስጥ ኦሮምኛም ይነገራልና በሦስተኛ ቋንቋዋ 1430 አመጣች። ይህን የሚያይ ሰው «50 ጎደላት» ነው የሚለው? ሊሉም ይችላሉ፣ እምቢ ሊሏትም ይችላሉ። ግን እምቢ ይበሏት እንጂ ራሷ ቀድማ እምቢ አትበል።

ለእናንተ ያለኝን ልናገርና ልጨርስ። ሠንጠረዡን አታውጡ አላልኩም። እዚህ ኢንተርኔት መጣ ሄደ በሚልበት ከተማ ጋዜጣ ላይ የወጣ ነገር ልጆች ቆርጠው ግድግዳ ላይ ነው የሚለጥፉት። ስለዚህ ደግማችሁ ስታወጡ «የሚያስፈልግ» የሚለውን ቃል አውጡልኝና «የገቡት ተማሪዎች መሀለኛ ነጥብ» በሉት። የተመዘገቡት ይሁኑ ወይስ ተቀባይነት ያገኙት በሙሉ፣ ጻፉት፤ አንዳንድ ኮሌጅ በራሱ ገጽ የሚያወጣው ተቀባይነት ያገኙትን ነው፣ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል፣ ምክንያቱም ከፍተኛ ነጥብ ያለው ልጅ ሦስት አራት ቦታ ተቀብለውት አንዱ ጋ ነው የሚሄደው። ዓመቱን ጻፉ። ስንት በመቶ ነጥቡን እንደላከ ጻፉ። ለውጭ አገር ተማሪ ገንዘብ ይሰጣሉ ወይ የሚለውን ጻፉ። ቦታ ከጠበባችሁ ሃያ ኮሌጅ ከሚሆን ስምንት ይሁን። ማንም ከድሬ ሃያ ኮሌጅ አያመለክትም፣ የማመልከቻው ገንዘብ ራሱ ስንት ነው፤ ነፃ አድርጉልኝ ብሎ መጠየቅ እንደሚቻል ግን አንድ መስመር ጨምሩበት፣ ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ፣ ልጆቹ አያውቁም።

ትላንት ከፊራ ጎራ ብዬ ነበር። እናቷ ሲያዩኝ «ቲቸር ና፣ ቅመስ» ብለው ለውዝ ጠቀለሉልኝ። ቤት ገብቼ ስፈታው የናንተ ገጽ ነው። ቀዩ መስመር ዘይት ጠጥቶ ደብዝዟል፣ «50 ጎደለኝ» የሚለው ግን ይነበባል። ልጅቷ ራሷ ናት ለመጠቅለያ የሰጠቻቸው አሉኝ። እሷ ድርሰቷን እየጻፈች ነው፣ ሁለተኛውን ረቂቅ እሁድ ታመጣልኛለች።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሒሳብ መምህር
ድሬዳዋ፣ ሳቢያን